በጎቹ በተከታታይ እየጨነገፉ ነው፤ አጎበር ብቻ ይበቃል?

ቆላ ልጅ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የእንስሳት ሐኪም ወይም ልምድ ያለው ሰው ካለ ቶሎ ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።

አጎቴ ሞያሌ አካባቢ በግና ፍየል ያረባሉ። ዘንድሮ ዝናቡ አላቆም ብሎ ሜዳው ሁሉ ኩሬ ሆኗል። ቢንቢው ቀንም አያስቀምጥም ይላሉ። ሰሞኑን ደግሞ እርጉዝ በጎቻቸው መጨንገፍ ጀመሩ። የመጀመሪያዋን ሌላ በግ ወግቷት ነው ብለው ተዉት። ቀጥሎ ግን በአንድ ሌሊት አራት ጨነገፉ። በሕይወት የተወለዱት ግልገሎችም ጠዋት ሲጠቡ ታይተው ማታ ሞተው ይገኛሉ። ትልልቆቹ ይደበታሉ፣ አንዳንዱ ደም የቀላቀለ ንፍጥ ያወጣል፣ አብዛኞቹ ግን ቆመው ይሄዳሉ።

ከኬንያ በኩል የሚመላለስ አንድ ነጋዴ አይቶ «ይሄ ሪፍት ቫሊ ፊቨር ነው። የትንኝ በሽታ ነው። ማታ አጎበር ስቀሉ» አላቸው። ሰምተው ሰቀሉ። እኔን ያሳሰበኝ ቀን ላይ የሚሠሩት ነው። የጨነገፈውን ጎትተው የሚያወጡት በባዶ እጃቸው ነው። አንዷ በግ ልትሞት ስትል አርደው ለጎረቤት አካፍለዋል። ወተቱን ሳይፈላ ይጠጣሉ። የልጃቸው ሚስት ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ በረቱን የምትጠርገው እሷ ናት።

ይሄ በሽታ ከትንኝ ውጪ ወደ ሰው ይተላለፋል? ደውዬ ምን ልበላቸው? አጎቴ «ከአባቴ ጀምሮ በእጄ ነው የማዋልደው» የሚሉ ሰው ናቸው፤ በቀላሉ አይሰሙም።

ፀሐይ ወጣች፦

ወንድም፣ የትንኝ በሽታ ከሆነ እንደ ወባ ነው። አጎበር፣ ጭስ፣ ውሃ ያቆረውን ማፋሰስ። ወተቱና ሥጋው ምን አደረገ? ሰው ከበግ ወባ ይዞት ያውቃል እንዴ?

የበረት ሐኪም፦

ፀሐይ ወጣች፣ አትቀየመኝና ይሄ ምክር ሰው ይገድላል። ወባን ከበግ የሚይዝ ሰው የለም፤ ልክ ነህ። ይሄ ግን ወባ አይደለም።

ቆላ ልጅ፣ መጀመሪያ ደውልላቸው፣ ከዚያ ተመልሰህ አንብብ። የምትላቸው ይሄን ነው፦ የጨነገፈውንም ሆነ የሞተውን ማንም በባዶ እጁ አይንካ። የታመመ እንስሳ አይታረድ። ወተት ሳይፈላ አይጠጣ። ነፍሰ ጡሯ ከዛሬ ጀምሮ በረት አትግባ። ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዛሬውኑ ይነገር።

ደወልክ? እንግዲህ ነገሩን ላስረዳህ።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። በ2007 መጀመሪያ ላይ ጋሪሳ ውስጥ ከኬንያ ባልደረቦች ጋር ይሄንኑ በሽታ ተከትዬ ሠርቻለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ። ከዚያ ሥራ የያዝኩት አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፦ ቢንቢዋ ቫይረሱን ከበግ ወደ በግ ታዳርሳለች፤ ወደ ሰው ቤት የሚያስገባው ግን ብዙውን ጊዜ የሰው የገዛ እጁ ነው። ትንኝ ነክሶት የታመመ ሰው የለም አላልኩም፤ አለ። ነገር ግን በየወረርሽኙ ማን ታመመ ተብሎ ሲጠየቅ ከፊት የሚገኙት እረኛው፣ አራጁ፣ አዋላጁና እንደ እኔ ያለው ሐኪም ናቸው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የታመመች በግ ደሟ ውስጥ ያለው ቫይረስ እጅግ ብዙ ነው። ስትጨነግፍ ደግሞ ያ ሁሉ ከሽርት ውሃው፣ ከእንግዴ ልጁና ከሞተው ፅንስ ጋር ይወጣል። ጣትህ ላይ የቢላ ጭረት ካለች በቂ ነው። ዓይንህን ብታሽበትም ይበቃል። ሲታረድ ደም ስለሚረጭ የሚተነፈሰው አየርም አደጋ አለው። ላብራቶሪ ውስጥ የሠሩ ሰዎች አንዲት ትንኝ ሳትነካቸው ታመዋል።

ጋሪሳ ያየሁትን ልንገርህ። አንድ አባወራ የሞተ ግልገል ከእናቱ ማህፀን እየጎተተ ደረስን። ክንዱ እስከ ክርኑ ርሷል። አወጣው፣ እጁን በሣር ጠረገ፣ ተነስቶ ሰላም አለን። ሻይ መጣ። በዚያው እጅ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አንስቶ አደለን። ሰውየው ግዴለሽ አልነበረም፤ አጎበር ነበረው፣ ጭስ ያጨስ ነበር፣ ልጆቹን ማታ ውጭ አያሳድርም። «ትንኝ» ተብሎ የተነገረውን ሁሉ ፈጽሟል። ስለ እጁ የነገረው አልነበረም።

ያቺን ግልገል ሙሉ መከላከያ ለብሰን ከፈትናት። የጤነኛ ጉበት ቀለም ጠቆር ያለ ቀይ ነው። የሷ ወደ ቢጫ ቡኒ ዞሯል፣ ጣት ሲጫነው ይፈርሳል፣ ላዩ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ ነጥቦች ሞልተዋል። ይሄ ቫይረስ ጉበት ነው የሚበላው። ለማረጋገጥ ብላችሁ ግን እናንተ እንዳትከፍቱ! ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው፣ እሱም ቢሆን ተሸፋፍኖ ነው የሚሠራው።

አሁን ወደ ትንኟ። ይሄ ክፍል እኔን እስካሁን ይገርመኛል። በሽታው መጀመሪያ የተገለጸው በ1931 ነው፣ ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ ካለ የበግ እርሻ። ታዲያ በወረርሽኝ መልክ ብቅ የሚለው ስንት ዓመት ዘግይቶ ነው። ሰው ይረሳዋል። በመሃል የት ይቀመጣል? አንዱ መልስ አፈር ውስጥ ነው። ኤዲስ የምትባለው ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው ውሃ ሲመጣ በሚቆርበት ረባዳ መሬት፣ እርጥብ ጭቃ ላይ ነው። የተያዘች እናት ቫይረሱን ለእንቁላሎቿ ታወርሳለች። ጭቃው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ እንስሳ ይረግጠዋል፤ እንቁላሉ ግን ዓመታት ይቆያል። ከዚያ እንደ ዘንድሮው ያለ ዝናብ ይመጣና መሬቱን ያጥለቀልቀዋል። ከሚፈለፈሉት መካከል ገና ከእንቁላሏ ጀምራ ቫይረሱን የያዘች ትኖራለች። የታመመ እንስሳ መንከስ አያስፈልጋትም።

እሷ ጥቂት በጎችና ከብቶች ትነክሳለች። እንስሶቹ ቫይረሱን ያበዙታል። ውሃው ሳምንታት ከቆየና ሣር ከበቀለበት ደግሞ ኩሌክስ የምትባለው ሌላዋ ትንኝ ትራባለች። እሷ ከታመመው እየቀዳች ለጤነኛው ታዳርሳለች። ያኔ ነው ጉድ የሚፈላው።

አጎትህ ያዩት ምልክትም ይሄንኑ ነው የሚመስለው። የተያዘች እርጉዝ በግ ሳትጨነግፍ የምትቀር የለችም ማለት ይቻላል። ከተያዙ ትንንሽ ግልገሎች ከ90 በመቶ በላይ ይሞታሉ። ትልልቅ በጎች ላይ ግን ሞቱ እስከ 10 በመቶ ድረስ ዝቅ ይላል። «ትልቁ ቆሟል፣ ትንሹ አለቀ፣ እርጉዙ ጨነገፈ» የሚል ስልክ ከብዙ ዝናብ በኋላ ሲመጣ እኔ ሌላ አላስብም፣ እስኪጣራ ድረስ። ጋሪሳ ያሉት የሶማሌ አርብቶ አደሮችማ ከእኛ ቀድመው አውቀውት ነበር። ዝናቡን፣ የትንኙን ብዛትና ውርጃውን አይተው «መጣ» ብለዋል። የዘገየነው እኛ ነን።

ነገር ግን በስልክ ምርመራ አይደረግም። ብሩሴሎሲስም ያስጨነግፋል፣ ኪው ፊቨርም እንደዚሁ። ሁለቱም ከጨነገፈው ወደ ሰው ይሄዳሉ፣ ስለዚህ ጓንቱ በሁሉም መንገድ አይቀርም። ለይቶ የሚናገረው ላብራቶሪ ነው።

ቆላ ልጅ፦

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። ደውዬላቸዋለሁ። ነፍሰ ጡሯ በረት እንዳትገባ ወዲያው ተስማሙ። ስለ ጓንቱ ሳቁብኝ። ሁለት ነገር ጠየቁኝ። አንደኛ፣ ያ የታረደው ሥጋ ተበልቷል፤ አሁን ምን ይሁን? ሁለተኛ፣ አንድ ሰው ክትባት አመጣለሁ፣ ዛሬውኑ መንጋውን ልውጋላችሁ ብሏቸዋል። ያስወጉ?

የበረት ሐኪም፦

ሥጋው በደንብ ከበሰለ የበላው ሰው ብዙ አይስጋ። ቫይረሱ ሙቀት አይችልም። አደጋው ያለው ከድስቱ በፊት ነው፦ ማን አረደ፣ ማን ገፈፈ፣ ማን ጉበቱን ከተፈ፣ በጥሬው የቀመሰ አለ ወይ። እነዚያን ሰዎች በስም ያስታውሱና አንድ ሳምንት ይከታተሏቸው። ትኩሳት ከመጣ ከ2 እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚጀምረው።

ክትባቱን በጭራሽ! ይሄን የምለው ክትባት ጠልቼ አይደለም። ለበግና ለከብት የሚሆን ክትባት አለ፣ ይሠራልም። ግን ጊዜው ወረርሽኙ ከመነሳቱ በፊት ነው። በሽታው መንጋ ውስጥ ከገባ በኋላ አንድ ሰው በአንድ መርፌ መንጋውን ሁሉ ሲወጋ ምን ይፈጠራል? ከታመመችው ደም ይዞ ለጤነኛዋ ይሰጣል። ከትንኝ የባሰ ትንኝ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ ሌላ፣ ስሚዝበርን የሚባለው የቆየው ሕያው ክትባት እርጉዟን ራሱ ሊያስጨነግፍ ይችላል። ሰውየው በብልቃጡ ውስጥ ምን እንደያዘ አጎትህ በምን ያውቃሉ?

ችግሩ ዝናብ በሌለበት ዓመት ማንም ክትባት አይፈልግም። አሥር ዓመት ላልታየ በሽታ ማን ገንዘብ ያወጣል? ዝናቡ ሲመጣ ሁሉም ይሮጣል፣ ያኔ ደግሞ ረፍዷል። በ2006 መኸር ላይ የናሳ ሰዎች የሕንድ ውቅያኖስን ሙቀትና የሣሩን ልምላሜ በሳተላይት አይተው ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ወረርሽኝ ሊነሳ ይችላል ብለው አስጠንቅቀው ነበር። በታኅሣሥ ጋሪሳ ውስጥ ሰው ሲሞት ታወቀ። ማስጠንቀቂያ ነበረ። ማስጠንቀቂያውን ይዞ በጊዜ መውጣት ነው ያቃተው።

ስለ ጓንቱ፦ ከሳቁ ይሳቁ። ጓንት ከጠፋ ያልተቀደደ ወፍራም ፌስታል እጃቸው ላይ አጥልቀው አንገቱን ይሰሩ። ከባዶ እጅ ይሻላል። አፍና አፍንጫቸውንም በነጠላ ይሸፍኑ። በኋላ ሳሙና።

ሲስተር ማታ ተረኛ፦

ከሰው በኩል እኔ ልጨምር። ነርስ ነኝ።

አብዛኛው ሰው ቢያዝም በቀላሉ ነው የሚያልፈው። ትኩሳት፣ የራስ ምታት፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ይለቀዋል። መዘዙም እዚህ ላይ ነው። በቆላ አገር ይሄ ማለት ወባ ማለት ነው። ይመረመራል፣ ነጌቲቭ ይባላል፣ ማስታገሻ ይዞ ይሄዳል። «ሰሞኑን በግ አርደሃል? የጨነገፈ ነክተሃል?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። እባካችሁ እናንተ ራሳችሁ ተናገሩ። ጤና ጣቢያ ስትደርሱ የመጀመሪያው ቃላችሁ ይሁን። ካልተናገራችሁ ለባለሙያውም አደጋ ነው፣ ደም የሚቀዳው እሱ ነዋ።

ጥቂቱ ግን ይከፋበታል። ከመቶ ከግማሽ እስከ 2 የሚሆኑት ዓይናቸውን ያማቸዋል፣ ትኩሳቱ ከጀመረ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ። ሰውየው ድኗል ተብሎ ሥራ ከጀመረ በኋላ «ብዥ አለብኝ» ይላል። ጉዳቱ የዓይኑ መሃል ላይ ካረፈ ግማሾቹ እይታቸው አይመለስም። ከመቶ አንድ የማይሞሉት ደግሞ አንጎላቸው ይቆጣል፣ ግራ መጋባትና መንቀጥቀጥ ይመጣል። ሌሎች ከመቶ አንድ የማይሞሉ የደም መፍሰስ ያጋጥማቸዋል። ይሄ ቶሎ ነው የሚመጣው፣ ሕመሙ ከጀመረ ከ2 እስከ 4 ቀን ውስጥ። ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ድድ ይደማል፣ ትውከቱ ወይም ሰገራው ደም አለው። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። ስለዚህ ቢጫ ዓይንና ደም ካያችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። ለሰው የተፈቀደ የተለየ መድኃኒት የለም፣ ክትባትም እንደዚሁ፤ የምናደርገው ሰውነቱን መደገፍ ነው፣ እሱም በጊዜ ሲመጣ ነው የሚረዳው። ትኩሳት የያዘው ሰው ደግሞ በራሱ አስፕሪንና ዲክሎፌናክ አይውሰድ፣ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ።

ከሰው ወደ ሰው በንክኪ ተላለፈ የተባለ እስካሁን አልተመዘገበም። የታመመውን አታግልሉት፤ ደሙን ብቻ ተጠንቀቁ።

ነፍሰ ጡሯን በተመለከተ ዶክተሩ ያለውን አጥብቄ እደግመዋለሁ። ሱዳን ውስጥ ተሠርቶ በ2016 የታተመ ጥናት በዚህ ቫይረስ የተያዙ ነፍሰ ጡሮች ላይ ውርጃ በብዛት አግኝቷል። በረት ብቻ ሳይሆን ከበረት የመጣ ልብስም አትጠብ።

ቁም ከብት ነጋዴ፦

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል። ግን ማንም ያላነሳው ነገር አለ። አጎትየው ለወረዳ ከተናገሩ ገበያው ይዘጋል። በ2000 ሳውዲ በሽታው ሲገባ የባሕረ ሰላጤ አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደውን እንስሳ በሙሉ አገዱ። በረት ሙሉ በግ ይዘን ነው ያደርነው። የታመመበትም ያልታመመበትም እኩል ተመታ። ከዚያ በኋላ ማን አፉን ይከፍታል? ሰው ዝም የሚለው ደንቆሮ ስለሆነ አይደለም።

የበረት ሐኪም፦

ያልከው እውነት ነው፣ ቀላልም አይደለም። አርቢው ተናግሮ ሲጎዳ አይቻለሁ፣ ካሳ ሲያገኝ ግን አላየሁም። ይሄ መስተካከል ያለበት ከላይ ነው።

ሆኖም ያ የ2000ው ነገር ሲመረመር ምን ተገኘ መሰለህ? ሳውዲና የመን ውስጥ የተነሳው ቫይረስ በ1997 እና 1998 ኬንያ፣ ሶማሊያና ታንዛኒያ ውስጥ ከነበረው ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ከአፍሪካ ውጪ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር። ሙቀቷ ሳይለካ የተጫነች በግ ወይም በነፋስና በመርከብ የተሻገረች ትንኝ፣ አንዳቸው አድርሰውታል። ዝም ብለን የጫንናት በግ ከሆነች ገበያውን ለዓመታት የዘጋብን እሱ ነው። አንድ መንጋ ጊዜያዊ እገዳ ተደርጎበት ቢጣራ ይሻልሃል ወይስ ወደቡ ሁሉ?

አሁን ከዚያ በረት አንድ ራስ እንስሳ አይውጣ። በርካሽ ላንሳልህ የሚል ይመጣል፣ ሁሌም ይመጣል። አይሸጡለት።

ቆላ ልጅ፦

ዛሬ የወረዳው ሰዎች መጥተው ደም ወስደዋል፣ ውጤቱን እየጠበቅን ነው። አጎቴ የወረዳዋ ልጅ ሁለት ጓንት ደራርባ ስትለብስ ካዩ በኋላ «እሷም ትፈራለች ማለት ነው» ብለው ጓንት አስመጡ። እኔ ስለምን ስል ከረምኩ! ለማንኛውም የመጨረሻ ጥያቄ፦ የሞቱትን ግልገሎች የት ያድርጉ? ዶሮዎችም በረቱ ውስጥ ይጭራሉ፤ እነሱስ ይታመማሉ?

የበረት ሐኪም፦

ዶሮ አይዘውም፣ ወፎች በዚህ ቫይረስ አይታመሙም። ግን እየጫሩ እንግዴ ልጅ ይጎትታሉና ለጊዜው ያስወጧቸው። ግመል ካላቸው ግመሏም ትያዛለች፤ ሳትታመም ልትጨነግፍ ትችላለች፣ ለይተው ይያዟት።

የሞተው በጓንት ተነስቶ ከውሃ ርቆ በጥልቅ ይቀበር፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ይጫንበት። ደም የፈሰሰበትን ቦታ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠው ያርከፍክፉበት፣ ቢላውንም እዚያው ይንከሩት። ውሻቸውን ደግሞ ይሰሩት፤ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚያወጣው እሱ ነው።